የገበሬው ተወካይና የአፈር ሕግ

አፈር ከሌለ እህል የለም። ይህን ለገበሬ ማስተማር አያስፈልግም። ክረምት ገብቶ ወንዙ ደፍርሶ ሲወርድ ያየ ሰው፣ የሚወርደው ውሃ ብቻ አለመሆኑን ያውቃል። የማሳው ቅባትም አብሮ ይሄዳል።

በ1973 ዓ.ም. የግብርና ሚኒስቴርና በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ይህን ጉዳት መለካት ጀመሩ። በወሎ ማይባር፣ በሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒ፣ በሌሎችም ቦታዎች ጣቢያ አቋቋሙ። ከዚህ ጥናት በተገኘው ግምት መሠረት፣ ከአንድ ሄክታር እርሻ በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ይታጠባል። 42 ቶን ማለት 420 ኩንታል ነው። ከዚያው ሄክታር 20 ኩንታል እህል ቢገኝ፣ ለእያንዳንዱ ኩንታል እህል 21 ኩንታል አፈር ሄደ ማለት ነው።

ይህን ጉዳት አንድ ገበሬ ብቻውን ሊያቆመው አይችልም። ጎርፉ የሚነሣው ከላይኛው ጎረቤት ማሳ ነው። ቦረቦሩ የሚሰፋው በታችኛው ጎረቤት ማሳ ነው። ጋራው የሁሉም ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ይቆርጠዋል፣ ሁሉም ያግጥበታል። ስለዚህ መንግሥት ሕግ ያወጣል፣ ፖሊሲም ይነድፋል። ፖሊሲ ማለት መንግሥት አንድን ሥራ የሚመራበት የሐሳብ መንገድ ነው። ሕግ ደግሞ ያንን መንገድ በትእዛዝና በቅጣት ያጸናል።

ታዲያ ሕጉ ሲወጣና በሥራ ላይ ሲውል የገበሬውን ቃል ማን ያሰማ? የዚህ ትምህርት ጉዳይ ይህ ነው።

1. ሕጉ ከማሳው ድረስ ይገባል

የአፈርና የደን ሕግ የሩቅ ነገር አይደለም። የት እንደሚታረስ፣ የት እንደማይታረስ ይናገራል። ከብት የት እንደሚሰማራ፣ ዛፍ ማን እንደሚቆርጥ፣ በበጋ ስንት ቀን እርከን እንደሚሠራ ይወስናል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456፣ ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ዛፍ፣ ቋሚ ተክልና የከብት መኖ ብቻ እንዲለማበት ደነገገ። ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነው ደግሞ የሚታረሰው ጠረጴዛማ እርከን ሲሠራለት ብቻ ነው አለ። 60 በመቶ ማለት ምን ማለት ነው? ወደ ፊት በአግድም 100 ክንድ ሲኬድ መሬቱ 60 ክንድ ከፍ ይላል ማለት ነው። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተክቷል። ቢሆንም እንዲህ ያለ ሕግ ገበሬውን ምን ያህል እንደሚነካ በደንብ ያሳየናል።

የሕጉ ሐሳብ መልካም ነው። ቀጥ ያለ ገደል ካረሱት ሁለት ሦስት ዓመት ያበላና ድንጋዩን ያሳያል። ነገር ግን ያለው መሬት ሁሉ ከገደል ላይ የሆነ ቤተሰብ ምን ይብላ? ይህን ጥያቄ ወረቀቱ አያነሣውም። የሚያነሣው የዚያን ሰው ማሳና ጓዳ የሚያውቅ ሰው ነው። ያ ሰው ተወካዩ ነው።

2. እርከኑ ለምን ፈረሰ?

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገ፤ ገበሬዎችም በማኅበር እንዲደራጁ አዘዘ። አንዱ የገበሬ ማኅበር ቢያንስ በ20 ጋሻ፣ ማለትም በ800 ሄክታር መሬት ላይ ይቋቋም ነበር። አዋጁ ለማኅበሩ ከሰጠው ሥራ አንዱ በክልሉ ያለውን አፈር፣ ውሃና ደን መጠበቅ ነበር። እንግዲህ የገበሬው ተወካይ ይህ ሥራ በሕግ ከተሰጠው ብዙ ዘመን ሆኖታል።

በ1970ዎቹ በብዙ አውራጃዎች ሥራው በስፋት ተጀመረ። ገበሬው በምግብ ለሥራ እርከን ሠራ፤ ጋራ ከለለ፤ ችግኝ ተከለ። ለአንድ የሥራ ቀን የሚታሰበው 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር። በድርቅ ዘመን ይህ ብዙ ቤተሰብ አትርፏል።

ነገር ግን ዕቅዱ የሚመጣው ከላይ ነበር። ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን፣ ይህን ያህል ሺህ ችግኝ ተብሎ ይወርዳል። ሊቀ መንበሩ ትእዛዙን ወደ ታች ያደርሳል፤ የገበሬውን ቃል ግን ወደ ላይ አያደርስም። ገበሬው ግን የሚለው ነበረው። በየቤቱና በየጠላው እንዲህ ይል ነበር፦

«እርከኑ መሬቴን በላው። ጥንት የማርሰውን ያህል አላርስም።»

«እርከኖቹ ከመቀራረባቸው የተነሣ በሬዎቼን ማዞሪያ አጣሁ።»

«በካቡ ውስጥ አይጥ ተራባ። ዘሩን ጨረሰው።»

«የእኛ አገር ዝናብ ብዙ ነው። እርከኑ ውሃውን አቁሮ ገብሱን አበሰበሰው። አባቶቻችን ፈሰስ የሚያወጡት ወደው መሰላችሁ?»

«ጋራው ተከለለ። ሣሩ የማን ነው? ዛፉስ ሲደርስ የማን ነው?»

እነዚህ የስንፍና ቃላት አልነበሩም። ኋላ የተደረገው ጥናትም ብዙዎቹን እውነት ሆነው አግኝቷቸዋል። በተለይ ዝናብ በሚበዛበት ደጋ፣ መውረጃ የሌለው እርከን ውሃ እያቆረ ሰብል እንደሚጎዳ ታውቋል። ነገር ግን ቃሉ በጊዜው ከጠላው ቤት አልወጣም። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚባለው፣ ችግሩ ሳይነገር መድኃኒቱም ሳይፈለግ ቀረ።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ እርከኑ ፈረሰ፤ የተተከለው ደን ተቆረጠ። የስንት ሰው ላብ በጥቂት ወራት ውስጥ ጠፋ። ገበሬው አፈሩን ጠልቶ ነውን? አይደለም። ሥራውን የእኔ ነው ስላላለ ነው።

እርከን ራሱ ጠላት እንዳልሆነ ለማወቅ በጎጃም ወደ አንጀኒ መመልከት ይበቃል። በዚያ በ1978 ዓ.ም. ፋንያ ጁ የሚባል እርከን ተሠራ። በዚህ አሠራር ከቦዩ የሚወጣው አፈር ወደ ላይ ይጣላል። ቦዩ ትንሽ ዘመም ስለሚል ትርፉ ውሃ ቀስ ብሎ ወደ መውረጃው ይሄዳል። ያ እርከን ከዓመት ወደ ዓመት አፈር እየያዘ መሬቱን ጠረጴዛማ አደረገው። አገሩን የመሰለ አሠራር ይቆያል፤ ያልመሰለው ይፈርሳል።

3. ጓሳን ማን አቆየው?

አሁን ደግሞ ወደ መንዝ እንሂድ። በሰሜን ሸዋ ጓሳ የሚባል ከፍተኛ ደጋ አለ። ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው የጓሳ ሣር ነው። የመንዝ ሰው በዚህ ሣር ቤቱን ይከድናል፤ ገመድም ይገምድበታል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳም በዚያ ይኖራሉ።

ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሕዝቡ ቦታውን የሚጠብቅበት የአባቶች ደንብ ነበረው። ሣሩ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይከለከላል። በደንብ ሲያድግ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል። ደንቡን የጣሰ ብርቱ ቅጣት ያገኘው ነበር። ጠባቂዎቹም በሕዝብ የተሾሙ ነበሩ።

ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ ይህ ደንብ ቀረ። ደንቡ ከርስት ጋር የተያያዘ ነበርና፤ መብቱም የአስቦና የጌራ ዘር ነን ለሚሉት ብቻ ነበር። አዋጁ ለሌላውም ሰው መብት ሰጠ። ይህ ለብዙዎች ፍትሕ ነበር። ነገር ግን ጠባቂ ጠፋ። ሁሉም መግባት ጀመረ፤ ሣሩም ተጎዳ።

የመንዝ ገበሬዎች ታዲያ ምን አደረጉ? አሮጌውን ደንብ እንዳለ አልመለሱም፤ ዝም ብለውም አላዩም። በአካባቢው ያሉ የገበሬ ማኅበራት ተወካዮች መርጠው፣ በእድር መልክ የጓሳ ኮሚቴ አቋቋሙ። የዘር ሐረግ ሳይቆጠር የየማኅበሩ ሰው እኩል ድርሻ እንዲያገኝ ተደረገ፤ የመዝጋቱና የመክፈቱ ልማድ ግን ቆየ። ኋላም የአማራ ክልል ቦታውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በሕግ አጸናላቸው።

ከዚህ የምንማረው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ተወካዮቹ ወደ መንግሥት የሄዱት ባዶ እጃቸውን አይደለም። «እኛ ይህን እያደረግን ነው፤ ሕጉ ያጽናልን» ብለው ነው የሄዱት። ሥራ ይዞ የሄደ ተወካይ ጆሮ ያገኛል።

4. የሁምቦ ሰዎች ጥያቄ

በወላይታ ሁምቦ የሚባል ወረዳ አለ። የአካባቢው ተራራ በማገዶና በከሰል ብዛት ተራቁቶ ነበር። ጎርፍና ናዳ ወደ እርሻው ይወርድ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ 2,728 ሄክታር የሚሆን ቦታ ተከልሎ እንዲያገግም ሐሳብ ቀረበ። አዲስ ችግኝ ብዙም አላስፈለገም። የተቆረጡት ዛፎች ሥራቸው በመሬት ውስጥ ሕያው ነበር፤ ቡቃያውን እየመረጡ መግረዝና ከከብት መጠበቅ በቃ።

ሰዎቹ ግን መጀመሪያ ፈሩ። «ከከለልነው በኋላ መሬቱን ቢወስዱብንስ?» አሉ። ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የተመለሰላቸውም በቃል ተስፋ ብቻ አይደለም። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት በሕግ ተቋቋሙ፤ በደኑ የመጠቀም መብታቸውም በወረቀት ተረጋገጠ። ከብት እንዳይገባ ተስማሙ፤ ሣሩን ግን በእጅ አጭደው እንዲወስዱ ተፈቀደ። ዛፎቹ የሚያጠሩት አየር ተለክቶ፣ የዓለም ባንክ ከሚያስተዳድረው ፈንድ ለማኅበራቱ ገንዘብ ተከፈለ።

በ1970ዎቹ «ዛፉ ሲደርስ የማን ነው?» የተባለው ጥያቄ መልስ አላገኘም ነበር። በሁምቦ መልስ አገኘ። ልዩነቱ ይህ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065ም ማኅበረሰብ የደን ባለቤት ሊሆን እንደሚችል በግልጽ አስፍሯል።

5. ሕጉ ለገበሬው የሰጠው መብት

ብዙ ተወካዮች «እኛ ምን ሥልጣን አለን?» ይላሉ። አላችሁ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 92 ስለዚህ ይናገራል። ሕዝቡ የሚነካውን የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም በተመለከተ፣ ሲታቀድም ሲፈጸምም ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው ይላል። ከማቀድ ጀምሮ ነው እንጂ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ አይደለም።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 ደግሞ ትልልቅ ሥራዎችን ይመለከታል። ፋብሪካ፣ ግድብ፣ ወይም ሰፊ እርሻ ከመጀመሩ በፊት በአካባቢው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እንዲጠና አዘዘ። ጥናቱ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ፣ በተለይ ጉዳቱ የሚነካቸው ሰዎች አስተያየት እንዲሰጡበት ደነገገ።

የግብርና ሚኒስቴር በ1997 ዓ.ም. ያወጣው የተፋሰስ ልማት መመሪያም ዕቅዱ የሚነሣው ከነዋሪው መሆን አለበት ይላል። ነዋሪው ኮሚቴ ይመርጣል፤ ሴቶችም በኮሚቴው ይገባሉ። ኮሚቴው ከባለሙያው ጋር ጋራውንና ሜዳውን እየዞረ ያያል። እርከኑ የት ይሁን፣ ክትሩ የት ይሁን፣ የትኛው ችግኝ ይምጣ የሚለውን ይወስናል።

ይህ ሁሉ በወረቀት ያለ መብት ነው። በወረቀት ያለ መብት የሚሠራው የሚያነብ ሰው ሲያገኝ ነው።

6. የተወካዩ ሥራ

ተወካይ ሁለት ጆሮና አንድ አፍ አለው። አንዱ ጆሮ ወደ መንግሥት ነው፤ አንዱ ወደ ገበሬው ነው። አንዱን ብቻ ከፍቶ ሌላውን የዘጋ ተወካይ የመልእክተኛ ያህል እንኳ አይጠቅምም።

ሀ/ መጀመሪያ ሕጉን ማንበብ። ከስብሰባ በፊት መመሪያውን ጠይቆ መውሰድና ማንበብ ያስፈልጋል። ያልገባውን ቃል ባለሙያውን ይጠይቅ። መጠየቅ አያሳፍርም፤ ያልገባውን መፈረም ግን ያሳፍራል።

ለ/ ቀጥሎ ሰውን መጠየቅ። ሀብታሙን ብቻ ሳይሆን አንድ በሬ ያለውን፣ በሬ የሌለውንም ይጠይቅ። ሴቶችን ይጠይቅ። ማገዶ የምትለቅመውና ውሃ የምትቀዳው እርሷ ናት። ጋራው ሲከለል መንገዱ የሚረዝመው በእርሷ ላይ ነው። «እትዬ፣ ይህ ቢዘጋ በየት በኩል ይሄዳሉ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ነገር ያሳያል። እረኛውም የሚያውቀው አለ።

ሐ/ ሦስተኛ መቁጠር። «ብዙ ሰው ይጎዳል» ማለት ቀላል ነው፤ ሰሚው ግን ይረሳዋል። «34 ቤተሰብ ይጎዳል» ያለውን ግን ማንም አይረሳውም።

መ/ አራተኛ መጻፍ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ ለተሰብሳቢው ይነበብ፤ ከዚያ ይፈረም። ግልባጩ በእጅ ይቆይ።

ለወረዳ የሚጻፍ ደብዳቤ ይህን ሊመስል ይችላል፦

ቀን ………
ለ……… ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት
ጉዳዩ፦ የ……… ጋራ አከላለል እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

እኛ የ……… ጎጥ ነዋሪዎች በ……… ቀን ተሰብስበን ተወያይተናል። ጋራው እንዲከለል እንስማማለን። ነገር ግን የ34 ቤተሰብ ከብት ወደ ምንጭ የሚወርደው በጋራው እግር ነው። ስለዚህ፣
1ኛ/ ስፋቱ 20 ክንድ የሆነ የከብት መንገድ እንዲተውልን፣
2ኛ/ ሣሩን በጥቅምት ወር በእጅ አጭደን እንድንካፈል፣
3ኛ/ ወሰኑ ተወካዮቻችን ባሉበት እንዲለካ እንጠይቃለን።
እኛም በፈንታችን ጋራውን በየተራ እንጠብቃለን። ከብት የለቀቀበትን በደንባችን እንቀጣለን። የቃለ ጉባኤው ግልባጭ ከዚህ ጋር ተያይዟል።

ይህን ደብዳቤ ልብ በሉት። «አንፈልግም» አይልም። በዓላማው ይስማማል፤ ችግሩን በቁጥር ያሳያል፤ የሚፈልገውን ለይቶ ይጠይቃል፤ ገበሬው የሚፈጽመውንም ግዴታ ይናገራል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ሹም በቀላሉ ወደ ጎን ሊያደርገው አይችልም።

ሠ/ መልሱን ይዞ መመለስ። ወረዳው የሰጠውን መልስ፣ ደስ ያሰኘም ያላሰኘም፣ ሳይቀንሱና ሳይጨምሩ ለሰው መንገር ነው። መልስ ካልመጣ እንደገና መጻፍ፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው መሥሪያ ቤት መሄድ።

7. ተወካይን የሚያበላሹ ነገሮች

ሹም ደስ ይበለው ብሎ ያልተሠራ እርከን ተሠራ የሚል ተወካይ አለ። በወረቀት የተሠራ እርከን ጎርፍ አያቆምም። ለራሱ ዘመድ ሜዳውን አስቀርቶ ለሌላው ገደሉን የሚሰጥም አለ። እንዲህ ያለው ሰው ጥሩውን ሕግ ሳይቀር ያስጠላል።

የመጨረሻው ጥፋት ደግሞ ለሰው ደስ የሚያሰኘውን ብቻ መናገር ነው። የገበሬው ቃል ሁሉ ትክክል አይደለም። ልቅ ግጦሽ የሁላችንን አፈር እንደሚጨርስ ያወቀ ተወካይ፣ ሰው ቢያጉረመርምም እውነቱን መናገር አለበት። «ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ይህን ጋራ ዘንድሮ ካልጠበቅነው ልጆቻችን ድንጋይ ይወርሳሉ» ማለት አለበት። ወረዳው ፊት የገበሬውን ችግር መናገር ድፍረት ይጠይቃል፤ ገበሬው ፊት የአፈሩን ችግር መናገርም እንዲሁ። ሁለቱንም የሚችል ሰው ምረጡ።

እናንተም መርጣችሁ አትተኙ። ማንበብ የቻለ ሰው ሁሉ ቃለ ጉባኤውን ሊያይ፣ መመሪያውን ሊጠይቅ ይችላል። አንድ ተወካይ ብቻውን ሲናገር ቃሉ የአንድ ሰው ቃል ነው። መቶ ሰው አንብቦ ሲያውቀው ግን የቀበሌው ቃል ይሆናል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በ1970ዎቹ የተሠራው እርከን በብዙ ቦታ የፈረሰው ለምንድን ነው? በእናንተስ አካባቢ ምን ሆኖ ነበር? ሽማግሌዎችን ጠይቁ።
2. የጓሳ ኮሚቴ ከአባቶች ደንብ ምኑን ያዘ፣ ምኑን ለወጠ?
3. የሁምቦ ሰዎች ፍርሃት ምን ነበር? እንዴት ተመለሰላቸው?
4. በቀበሌያችሁ የተከለለ ቦታ አለ? ሣሩን ማን ይወስዳል? ይህ የተጻፈበት ወረቀትስ አለ?
5. በደብዳቤው ምሳሌ መሠረት ስለ አካባቢያችሁ አንድ ችግር ደብዳቤ ጻፉ። ለጓደኛችሁም አንብቡት።

የቃላት ፍቺ

ተዳፋት – ዘቅዛቃ፣ ወደ ታች ያዘነበለ መሬት
ተፋሰስ – ዝናቡ ወደ አንድ ወንዝ ወይም ጅረት የሚወርድበት አካባቢ ሁሉ
ክትር – ቦረቦር እንዳይሰፋ በድንጋይ ወይም በእንጨት የሚሠራ ግድብ
ፈሰስ – ትርፍ ውሃ ከማሳ እንዲወጣ በማረሻ የሚወጣ ቦይ
ልቅ ግጦሽ – ከብት ያለ ጠባቂና ያለ ወሰን ሲሰማራ
ቃለ ጉባኤ – በስብሰባ የተባለውና የተወሰነው የሚጻፍበት ወረቀት